ስድስት ጭስ ማውጫ ያለው ቤት

አጎቴ አዲስ ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ግድግዳውን መንካት ነው። ከጎጃም መጥተው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ያለው አፓርታማዬ የገቡ ቀንም እንደዚያው አደረጉ። ጋቢያቸውን እንኳ ሳያወልቁ ግድግዳውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉና "ባዶ ነው፤ ካርቶን ነው እንዴ?" አሉኝ። ጅብሰም መሆኑን ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ዝምታቸው ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ግንበኛ ነበሩ። ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም ሠርተዋል። ከከተማው ወጣ ብላ ያለችውን የወላጆቼን ጭቃ ቤትም ከአባቴ ጋር ሆነው ያቆሟት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ዋሽንግተን ወስጄ ትልልቆቹን ሕንፃዎች ሳሳያቸው ብዙም አልተደነቁም። "ይኼ የመንግሥት ነው፤ መንግሥት ምን ያቅተዋል። የሰው ቤት አሳየኝ። የድሮ ሰው ቤት" አሉ።

እንግዲህ ሰሪ ካውንቲ የሄድነው በዚህ ምክንያት ነው። እዚያ፣ በገጠር መሀል፣ ቤከንስ ካስል የሚባል የጡብ ቤት አለ። የተሠራው በ1665 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ አሜሪካ በሚባለው አገር ቆመው ካሉ የጡብ መኖሪያ ቤቶች ሁሉ የቀደመው እሱ ነው።

ከእኛ ሰፈር ሦስት ሰዓት ያህል ይነዳል። ዊሊያምስበርግን አልፈን ጀምስታውን ስንደርስ መንገዱ ወንዝ ላይ አለቀ። የጀምስን ወንዝ የምትሻገሩት መኪናችሁን ጀልባ ላይ ጭናችሁ ነው። ጀልባው የመንግሥት ነው፤ በነጻ ያሻግራል፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። አጎቴ ከመኪናው ወርደው አጥሩን ይዘው ቆሙ። ወፎቹ ከኋላችን እየጮሁ ይከተሉን ነበር። "ዓባይም ላይ እንዲህ ነበር የምንሻገር፤ ግን በታንኳ" አሉኝ።

ጀምስታውን እንግሊዞች በ1607 መጥተው የሰፈሩበት ቦታ ነው። ከመሻገራችን በፊት ትንሽ አይተነው ነበር። አጎቴን የያዛቸው ምሽጉ አይደለም፤ መድፉም አይደለም። የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ከመሬት ሥር ያገኟቸው የመጀመሪያዎቹ ቤቶች ነገር ነው። እንጨት መሬት ውስጥ ተተክሎ፣ በመሀሉ ቀጫጭን እንጨት ተደርድሮ፣ በጭቃ ተመርጎ የተሠሩ ቤቶች ነበሩ። አጎቴ ሁለት ጊዜ አስተረጎሙኝ። "ፈረንጅም ጭቃ ይመርግ ነበር?" አሉ። ይመርግ ነበር። ከዚያም በኋላ ቢሆን፣ አሥራ ሰባተኛውን መቶ ዓመት ሙሉ፣ በዚህ አካባቢ አብዛኛው ሰው ይኖር የነበረው ምሰሶው መሬት ውስጥ በተቀበረ የእንጨት ቤት ነው። ምሰሶው ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ይበሰብሳል። ከዚያ ቤቱ ያዘነብላል። ከዚያ ሌላ ይሠራል። ከእነዚያ ቤቶች ዛሬ ቆሞ የሚታይ የለም ማለት ይቻላል፤ የቀረው አፈሩ ላይ የጉድጓዱ ጥላ ብቻ ነው።

አጎቴ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። የእኛም ቤት የሚሞተው እዚያው ቦታ ላይ ነው። ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት።

ከጀልባው ወርደን ትንሽ እንደነዳን ግራና ቀኙ ማሳ ሆነ። ኦቾሎኒ፣ ጥጥ፣ አኩሪ አተር። ቤት አልፎ አልፎ ነው። ሰሪ ትንሽ ካውንቲ ናት፤ በእንጨት ጭስ በሚያደርቁት የአሳማ ሥጋና በኦቾሎኒዋ ትታወቃለች። ከዋናው መንገድ ታጥፈን ዛፎቹ መሀል ስንገባ ቤቱ ብቅ አለ።

መጀመሪያ የሚታየው ጭስ ማውጫው ነው። በቤቱ በሁለቱም ጫፍ ሦስት ሦስት ጭስ ማውጫ ከአንድ መሠረት ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል። ቀጥ ብለው የቆሙ አይደሉም፤ እያንዳንዱ ማዕዘኑን ወደ ፊት አድርጎ ዞሯል። በድምሩ ስድስት። የጣሪያው ጫፍ ግድግዳም እንደ ተራ ቤት ሦስት ማዕዘን አይደለም። ደረጃ ይሠራል፣ ከዚያ እንደ ትከሻ ይጎብጣል፣ እንደገና ደረጃ ይሠራል። በእንግሊዝ አገር ጃኮቢያን የሚሉት አሠራር ነው። በመላው የአሜሪካ ምድርና ደሴቶቹ እንዲህ ያሉ ትልልቅ ቤቶች የቀሩት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱ ባርቤዶስ ናቸው።

አጎቴ ግን ወደ ላይ ብዙም አላዩም። በቀጥታ ወደ ግድግዳው ሄዱ። መዳፋቸውን ጡቡ ላይ አሳረፉና ቆሙ። ከዚያ በጣታቸው ረድፉን መቁጠር ጀመሩ።

"ና እይ" አሉኝ። "አንዱን ረድፍ በጎኑ አጋድሞታል። ቀጣዩን ደግሞ ግንባሩን ወደ ውጭ አድርጎ ወደ ውስጥ ሰክቶታል። ይኼኛው ያንን ይነክሰዋል። ግድግዳው አንድ አካል ነው፤ ሁለት አይደለም።"

ዕድሜዬን ሙሉ የጡብ ግድግዳ አይቻለሁ። ረድፎቹ እንደሚለያዩ ግን ያየሁት የዚያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ የትም ብሄድ ረድፍ እቆጥራለሁ።

ዙሪያውን ስንዞር ሌላ ነገር አዩ። ቤቱ በፊት ለፊቱ መሀል ላይ ወደ ውጭ የወጣ የመግቢያ ግንብ አለው። በጀርባውም በትክክል ትይዩው ላይ ሌላ ግንብ አለ፤ እሱ የደረጃው ነው። "ከላይ ሆኖ ላየው መስቀል ነው" አሉ። እውነታቸውን ነው። የሕንፃ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎችም የቤቱን ቅርጽ የሚገልጹት በመስቀል ነው።

አስጎብኚዋ ስለ ጡቡ ስትነግረን እሷ በእንግሊዝኛ፣ አጎቴ በአማርኛ፣ እኔ መሀል ላይ ሆኜ ተግባባን። እንዲያውም አጎቴ አንዳንዱን እኔ ሳልተረጉም ይቀድሟት ነበር። በዚያ ዘመን ሸክላ አፈር ይቆፈርና ክረምቱን በብርድ እንዲፈረካከስ ይተዋል። ሲሞቅ በውሃ ይቦካል፤ በእግር ይረገጣል። ከእንጨት በተሠራ ቅርጽ ውስጥ ይሞላል፤ እንዳይጣበቅ ቅርጹ አሸዋ ይነሰነስበታል። ጡቡ ሜዳ ላይ ተደርድሮ ይደርቃል። ከዚያ ራሱ ጡቡ በመሀሉ የእሳት መንገድ እየተተወለት ይከመርና ከሥሩ እንጨት ይነድበታል፤ ለቀናት፣ ሌሊትም ቀንም። እሳቱን የሚጠብቅ ሰው አይተኛም።

"ከእሳቱ አጠገብ ያለው ይጠቁራል፤ እንደ ብረት ይሆናል። ዳር ያለው ሳይበስል ይቀራል" አሉ አጎቴ። ተረጎምኩላት። አስጎብኚዋ ሳቀች፤ ልክ ነው አለች። በደንብ ያልበሰለው ቀላ ያለ ለስላሳ ጡብ ዝናብ እንዳያገኘው ወደ ግድግዳው ውስጥ ይደበቃል፤ የበሰለው ወደ ውጭ ይወጣል።

ማያያዣው ኖራ ነው። ግን በዚህ የባሕር ዳርቻ ሜዳ ላይ ድንጋይ የለም። የኖራ ድንጋይም የለም። ታዲያ ኖራውን ከየት አመጡት? ከኦይስተር ቅርፊት። ከወንዙና ከባሕረ ሰላጤው የሚወጣውን የዚያን ባለ ቅርፊት እንስሳ ሼል ያቃጥሉታል፤ በውሃ ያበርዱታል፤ ከአሸዋ ጋር ያቦኩታል። ጠጋ ብላችሁ ብታዩ በጡቦቹ መሀል ነጭ ነጭ ስባሪ አለ። አጎቴ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ አዩት። "ጎንደርም ኖራ ነው" አሉ በመጨረሻ።

እኔም ያንን ነበር የማስበው። ይህ ቤት በ1665 ሲሠራ አፄ ፋሲል ጎንደር ላይ በዙፋናቸው ነበሩ። ያረፉት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ግንቡ ውስጥ እሳት ይነድድ ነበር። በአንድ ዘመን፣ አንዱ ስለሌላው ሳያውቅ፣ እዚያ ድንጋይ በኖራ ያያይዛሉ፤ እዚህ ጡብ በኖራ ያያይዛሉ። የእኛዎቹ የንጉሥ ግንብ ናቸው፤ ይኼ ደግሞ የአንድ ነጋዴና ገበሬ መኖሪያ ነው። ልዩነቱን አልረሳሁትም። ግን ለሁለቱም የታመሰው ነጭ ነገር አንድ ነው።

ያሠራው ሰው አርተር አለን ይባላል። ከእንግሊዝ በ1649 ገደማ የመጣ ስደተኛ ነው። ቤቱን ሠርቶ ብዙ አልኖረበትም፤ በ1669 ሞተ። በዘመኑ የቤቱ ስም "የአለን የጡብ ቤት" ነበር። ሁሉም ሰው በእንጨት ቤት በሚኖርበት አገር "የጡብ ቤት" ማለት ብቻውን አድራሻ ነው። እኛም መንደር አንድ ቤት ብቻ ቆርቆሮ በነበረበት ጊዜ "ቆርቆሮ ቤት" ነበር የምንለው። ባለቤቷን "የቆርቆሮ ቤቷ" እንላቸው ነበር። እውነተኛ ስማቸውን ያወቅሁት ቀብራቸው ላይ ነው።

ታዲያ ቤከን ማን ነው? በ1676 በቨርጂኒያ ገዥ ላይ ያመፀ ናትናኤል ቤከን የሚባል ሰው ነው። ያን ዓመት ተከታዮቹ ጀምስታውንን አቃጠሉ። አንድ ቡድን ደግሞ የአለንን ቤት ያዘ፤ የአርተር አለን ልጅ የገዥው ወገን ስለነበር። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ድረስ እንደ ምሽግ ኖሩበት፤ ከብቱን አረዱ፣ እህሉን በሉ፣ ሲወጡም የቻሉትን ይዘው ወጡ። ቤከን ራሱ በዚህ ቤት ኖሮ አያውቅም። በዚያው ጥቅምት ታሞ ሞተ። ግን ስሙ ቀረ። ቤቱን የሠሩትና በውስጡ የኖሩት አለኖች፣ ስሙ የቤከን። ይህ ነገር ቅር ይለኛል። የጥቂት ወራት ወረራ የመቶ ዓመት ኑሮን ስም ቀማው።

ግን የአለን ስምም ቢሆን ሙሉ እውነት አይደለም። ሸክላውን የረገጠው አለን አይደለም። ቤቱ ከመሠራቱ ሦስት ዓመት በፊት፣ በ1662፣ ቨርጂኒያ የሚወለድ ልጅ የእናቱን ዕጣ ይከተላል የሚል ሕግ አውጥታ ነበር። እናቱ ባሪያ ከሆነች እሱም ባሪያ ነው ማለት ነው። ይህ ቤት ከዚያ በኋላ ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል የቆመው በባሪያ ጉልበት በሚታረስ መሬት ላይ ነው። ከዋናው ቤት ራቅ ብሎ በ1829 የተሠራ የእንጨት ቤት አለ። በባርነት የነበሩ ቤተሰቦች የኖሩበት ነው። አጎቴ እዚያ በር ላይ ቆመው ኮፍያቸውን አወለቁ። ትልቁ ቤት ጋ አላወለቁም ነበር። ምንም አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም። እንጨቱ ሳይበሰብስ፣ ማንም ሳያፈርሰው እዚህ መድረሱ ከጡቡ ቤት በላይ የሚያስደንቅ ይመስለኛል። እንደዚህ ያሉት አብዛኞቹ ጠፍተዋል።

ከዚያ ሣሩ ላይ ተቀምጠን ሳለ አጎቴ ወደ ጭስ ማውጫዎቹ ቀና አሉ።

"አሁን እሳት ይነድበታል?"

"አይነድበትም ጋሼ። ሰው አይኖርበትም እኮ።"

"ታዲያ ምን ጠበቀው?"

ጥያቄያቸው ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። በእኛ አገር ቤት የሚጠብቀው ጭስ ነው። ይህን የማያውቅ የከተማ ልጅ ካለ ልንገረው። የሣር ክዳን ቤት ውስጥ እሳት ሲነድ ጭሱ በሣሩ መሀል እያዘገመ ይወጣል። እንጨቱ ጥቀርሻ ይይዛል፤ ይጠቁራል። ነቀዝና ምስጥ አይደፍረውም። እናቴ ማታ ማታ እሳቱን አመድ ውስጥ ታዳፍነው ነበር፤ ጠዋት ትቆሰቁሰዋለች። እሳት የጠፋበት ሰው ከጎረቤት ይጭራል። ሰው ወጥቶ እሳቱ የጠፋበት ቤት ግን በሦስት ክረምት ውስጥ ያልቃል። አይጥ ይገባል፤ ምስጥ ምሰሶውን ይወጣዋል።

አስጎብኚዋን ጠየቅኳት። መልሷ ረጅም ነበር። መጀመሪያ አለኖች ኖሩበት። ከዚያ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ሌላ ቤተሰብ ገዛው፤ በጎኑ ጨማመረበት። ከዚያም ሌላ ቤተሰብ፣ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ። ሁሉም በየጊዜው ነካክተውታል። መስኮቱን ቀይረዋል፤ የመጀመሪያውን በር ዘግተው በሌላ በኩል ከፍተዋል። ግን አላፈረሱትም፤ ባዶም አልተዉትም። በ1973 አንድ ማኅበር ገዛው። ማኅበሩ በ1889 በቨርጂኒያ ሴቶች የተመሠረተ ነው፤ አሁን ፕሪዘርቬሽን ቨርጂኒያ ይባላል። በ1680ዎቹ የነበረውንና በማሳ ሥር የተቀበረውን የአትክልት ቦታም በቁፋሮ ያወጡት በእነሱ ጊዜ ነው።

ከዚያ ያለችው ነገር አጎቴን ቀጥ አድርጎ አስቀመጣቸው። እንዲህ ያለ ቤት የሚጠገነው በኖራ ነው፤ በስሚንቶ አይነካም። ስሚንቶ ከአሮጌው ጡብ ይልቅ ጠንካራ ነው። ውሃ አያስወጣም። እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ በጡቡ በኩል ይወጣል፤ የጡቡ ፊት እየተላጠ ይረግፋል። ኖራ ግን ይተነፍሳል፤ ከተጎዳም የሚጎዳው እሱ ነው፤ ጡቡ ይድናል። እሱን ደግሞ ፍቆ መተካት ይቻላል። ማያያዣው ከሚያያይዘው ነገር የደከመ መሆን አለበት ማለት ነው። የጎንደር ግንቦችም በጣሊያን ወረራ ጊዜ በስሚንቶና በብረት ኮንክሪት ተጠግነው ነበር፤ በኋላ ያንን እያወጡ ወደ ኖራ መመለስ ግድ ሆኗል።

ይህን እየተረጎምኩ ሳለ ድምፄ ተቆረጠ።

ምክንያቱም እኔም አድርጌዋለሁ። አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴን እህቴ ደብረ ማርቆስ ወሰደቻት። ቤታችን ተዘጋ። ስድስት ዓመት ሆነው። ከአራት ዓመት በፊት ግድግዳው ተሰነጠቀ ሲሉኝ ከዚህ ገንዘብ ላክሁ። "በስሚንቶ ይለሰን፤ አንዴ ጠንክሮ ይገላገል" አልኩ። ጭቃው ግድግዳ ላይ ስሚንቶ ተለሰነ። ፎቶ ላኩልኝ። አማረብኝ፤ ለጓደኞቼም አሳየሁ። በሁለተኛው ክረምት ስሚንቱ እንደ ቅርፊት ተላቆ በአንድ ጊዜ ወረደ፤ የአባቴንና የአጎቴን ጭቃ ይዞ። ውስጡ ማገሩ ታየ። ማገሩ ደግሞ ረጥቦ ተበልቶ ነበር።

አጎቴ ያኔ አልወቀሱኝም ነበር። ያን ቀንም አልወቀሱኝም። "እኔ ብኖርም በስሚንቶ ነበር የማስለስነው። ዘመኑ ነው። ስሚንቶ ሲመጣ ኖራን ረሳነው፤ ጭቃን ናቅነው" አሉ። ከዚያ ትንሽ ቆይተው "ጭቃ በየዓመቱ እንድትነካው ይፈልጋል። እናትህ ለዘመን መለወጫ ትለቀልቀው አልነበር? የጠበቀው እሱ ነው" አሉኝ።

እናቴ ጳጉሜ ላይ ነበር የምትጀምረው። ጭድ ያለው ጭቃ ለግድግዳው ስንጥቅ፣ እበት ለወለሉ፣ ከወንዝ ማዶ የሚመጣ ነጭ አፈር ለበሩ ዙሪያ። እኛ ልጆቹ ጭቃውን በእግራችን እናቦካለን። ስለ ጥገና የሰማሁት የአስጎብኚዋ ማብራሪያ ሁሉ እናቴ በየዓመቱ ስታደርገው ያደግሁት ነገር ነው። እኔ ግን ሥራ ነው ብዬ አላየሁትም፤ የበዓል ዝግጅት ነበር የሚመስለኝ።

ስንመለስ ጀልባው ላይ መሽቶ ነበር። አጎቴ እህቴ ጋ ደውል አሉኝ። አገር ቤት እኩለ ሌሊት አልፏል አልኳቸው። "ታዲያ ነገ" አሉ። በማግስቱ ራሳቸው አወሩ፤ ስልኩን ለእኔ አልሰጡኝም። በእኛ መንደር ትምህርት ቤት አዲስ የተመደበ አስተማሪ አለ፤ ከሚስቱ ጋር ቤት አጥቶ ከአንድ ሰው ጓዳ ተጠግቷል። አጎቴ ይህን ከመምጣታቸው በፊት ያውቁ ነበር። "ይግቡበት" አሏት። "ኪራይ አትጠይቂ። የተረፈውን ስሚንቶ ያራግፉት። ምሰሶውን ጎረቤቶች ይቀይሩላቸው፤ እኔ ስመጣ ጠላው በእኔ ነው። ግድግዳውን በጭቃ ይምረጉት። በየዓመቱ።"

ከዚያ እኔን አዩኝ። "ገንዘብ ላክ፤ ግን ለጭድና ለእንጨት" አሉ።

ባለፈው ቅዳሜ እህቴ ደወለች። ቤቱን ለማየት ሄዳ ነበር። ፎቶ ላኪልኝ አልኳት፤ ስልኬ ባትሪ ጨርሷል አለች። ግድግዳው ገና አልደረቀም። አንዱ ጥግ ዘንበል እንዳለ ነው። ሴትየዋ ከጎረቤት እሳት ጭራ ቡና አፍልታላታለች።

አጎቴ ከሶፋው ላይ ሆነው እየሰሙ ነበር። "ጭሱ በየት በኩል ይወጣል በላት" አሉኝ።

ጠየቅኋት። ትንሽ አሰበች።

"በበሩ በላይ" አለችኝ። "እንደ ድሮው።"